ለቅዳሜ የተቀጠረ እርድ

አቶ ደጉ የሞቱት ስለ ጤና ከደሴ ሰው ሁሉ አብልጠው በሚያስቡበት ክፍል ውስጥ ነው። ሰሌን ላይ በጎናቸው ወድቀው፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው ተገኙ። አጠገባቸው ቢጫ ወተት ያለበት ኩባያ ነበር፤ ግማሹ ተጠጥቷል። ግድግዳው ላይ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። ምላስህን ፋቅ። ለብ ያለ ውሃ ጠጣ። ገላህን በሰሊጥ ዘይት እሽ። ተቀምጠህ ተንፍስ። ተቆጥተህ አትብላ።» ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ፈጽመው ነው የሞቱት። ምላሳቸው እንኳን ተፍቆ ነበር።

መቶ አለቃ ኑርሁሴን ቧንቧ ውሃ ሰፈር የደረሰው በዚያው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ነው። ጨጓራው የተላጠ ሰው ነው፤ ትዕግሥቱ ደግሞ ከጨጓራው የባሰ። ተንበርክኮ ኩባያውን አሸተተና ፊቱን አኮማተረ። «ነጭ ሽንኩርት» አለ ለራሱ። ከዚያ የተረፈውን ወተት በጠርሙስ አስገልብጦ አስከደነ።

«አትድከም» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። «ገዳዩን ይዘንልሃል። የቀረህ መፈረም ነው።»

ተናጋሪው ጓድ ሞላልኝ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀመንበር። ካኪው በላብ ወይቧል፤ የደረት ኪሱ በቀይ መጽሐፍና በሦስት እስክሪብቶ ተወጥሯል። በር ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አንድ ሽማግሌ የፊጥኝ አስረው ቆመዋል። ሽማግሌው ፒያሳ ቅመም የሚሸጡት ጀላል ናቸው። በታሰረ እጃቸው በሲባጎ የተቋጠረ የወረቀት ጥቅል ጨብጠዋል።

ሞላልኝ የሟቹን ደብተር ገልጦ በጣቱ እየመታ አነበበ። «‹ረቡዕ። ጀላል ለእርድ ቅዳሜ ቀጥሮኛል።› ሰማህ? ዛሬ ምንድን ነው? ቅዳሜ። ለእርድ የሚቀጠረው በግ ነው እንጂ መምህር ነው? ሟቹ ክርስቲያን፣ ይኸ ሰውዬ እስላም። አድኃሪው በሃይማኖት ሊያጫርሰን ምን ያህል እንደተደራጀ እይ።»

ኑርሁሴን ቃሉን ደግሞ አነበበው። እውነትም «ለእርድ» ይላል።

«እርስዎ እዚህ ቤት ይገቡ ነበር?»

«እኔ? ከዚህ የህንድ ጥንቆላ ቤት? ደጃፉን የረገጥሁት ዛሬ ነው።» ሞላልኝ ደብተሩን እያቀበለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ጠዋት ለደኅንነት አስረክበዋለሁ። እስከዚያ ወረቀትህን ጨርስ።»

ጊዜው ጥቅምት 1972 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ለደኅንነት የተሰጠ ሰው ቤተሰቡ ምግብ ሲያመላልስ ይቆይና አንድ ቀን «ምግብ አታምጡ» ይባላል። ጀላልም ይህን ያውቃሉ። ኑርሁሴን ጥቅሉን ከእጃቸው ተቀብሎ ለረዳቱ ለሃምሳ አለቃ ብሩ ሰጠው። «ሲባጎውን እንዳትፈታ» አለው።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አልጣሽ ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። መርማሪው ሲገባ ቀና ብለው የተመለከቱት ዕዳ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ነው።

«ጠልተሽው ነበር ልትለኝ ነው የመጣኸው» አሉ። «አዎ፣ ጠልቼው ነበር። ያ ህንዱ የሒሳብ መምህር ውሉ አልቆ አገሩ ሲገባ ይህን አዩርቬዳ የሚሉትን የአገሩን ሕክምና ትቶብኝ ሄደ። ሰባት ዓመት ሙሉ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ነጭ ሽንኩርትማ ስሙም አይጠራ። ‹ሐሳብ ያደፈርሳል› ይለኛል። የእኔን ሐሳብ ያደፈረሰው እሱ ነበር።»

«ነጭ ሽንኩርት እቤት አይገባም?»

«እንኳን ሊገባ፣ ጎረቤት ሲቁላላ መስኮት ያስዘጋኛል።»

«እዚህ የሚመጡት እነማን ናቸው?»

«ዘወትር የሚመጡት ሦስት ናቸው። እሱ ሰውን በሦስት ይከፍላል፤ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ። ሚዛኑ የተዛባበትን በምግብ፣ በዘይት፣ በእንቅልፍ ሰዓት ያስተካክላል። የንስሐ አባታችን ‹ባሕርየ ሥጋ አራት ነው፣ መሬቲቱ የት ገባች?› ቢሉት፣ ‹ህንዱ ከውሃው ጋር ቆጥሯታል› አላቸው። እንዲያ ያለ ደፋር ነው። ነፋሱ ጀላል ነው። እሳቷ ያቺ የኮምቦልቻዋ ከሪማ ናት።»

«ውሃውስ?»

«አላየሁትም። እኔ ኪዳን ስሄድ በጓሮ በር ነው የሚገባ። ‹ሰው እንዲያየው አይፈልግም› ይለኛል ደጉ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ፤ በሁለት ሰዓት ስመለስ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት። ሲጠላኝም ስጠላውም ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። እግሩ በርዶ ነበርና አሸሁለት። ዘይቱን እንኳን ስንት ጊዜ ለምኖኝ እንቢ ያልሁት ነው።»

ኑርሁሴን በማስታወሻው እየጻፈ ነበር። «ወተቱ ውስጥ ያለው ቢጫ ምንድን ነው?»

«እርድ ነዋ።»

የመርማሪው እስክሪብቶ ቆመ። «ምን አሉኝ?»

«እርድ። ወጥ የሚያስውበው እርድ። እሱን በወተት አፍልቶ ካልጠጣ ቀኑ አይጀመርም። ከጀላል ነው የሚገዛ። ግን ማክሰኞ አልቆበት፣ ረቡዕ ቆርቆሮውን አጥቤ ጨው ጨመርሁበት። ሐሙስ ወተቱን ነጩን ጠጣ። ዓርብ ጾም ነው።»

«ታዲያ የዛሬው እርድ ከየት መጣ?»

ወይዘሮ አልጣሽ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያ አውርደው አሳዩት፤ እስከ አፉ ጨው ነው።

ከቀትር በኋላ ኑርሁሴን ደብተሩን ገጽ በገጽ መረመረ። ከፊቱ የየዕለቱ ማስታወሻ ነው፤ ከኋላው አቶ ደጉ ሦስቱን ሰዎች በየተፈጥሯቸው መዝግበዋል፦ ምን በሉ፣ እንዴት ተኙ፣ ምን ከበዳቸው። ስም የለም። የ«ነፋስ» እና የ«እሳት» ገጾች ሙሉ ናቸው። «ውሃ» የሚለው ቅጠል ተገንጥሏል። የገነጠለው ሰው ግን ቸኩሎ ነበር፤ ጽሑፉ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻግሮ ሁለት መስመር ተርፏል። «…ይህን ለአባትየው ይንገር፤ ያኔ እንቅልፉ ይመለሳል። እስከ ቅዳሜ ካልነገረ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ጀላል በጣቢያው እስር ቤት ጥግ ይዘው ቁጭ ብለዋል። ኑርሁሴን ውሃ ቢያቀርብላቸው አልጠጡም።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሽ ጀላል።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ስሜን በጋሽ የምትጠራ ከሆነ ገመዱን ለምን አትፈታም?»

«ሥልጣኑ የእኔ አይደለም። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«እርድ ነው፤ ወላሂ ሌላ ነገር የለውም። የአዲስ አበባው መኪና ዓርብ ማታ ነው የሚገባ። ለዚያ ነው ደጉን ለቅዳሜ የቀጠርሁት። ይዤለት ስመጣ ደጃፉ ላይ ያዙኝ።»

«ከአቶ ደጉ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?»

«ልጄን በሺርን በሰባ ዓመተ ምሕረት ወሰዱብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጓድ ሞላልኝ ‹ወደ አሰብ ኮብልሏል› ብሎ በማኅተም ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስንቆራጠጥ አድር ነበር። ደጉ ‹አብሽር፣ ነፋስህ ነው የበዛ› ብሎ ማታ ማታ ውስጥ እግሬን በዘይት ያሸኝ ጀመር። በዚያ ተኛሁ። አሁን እሱን ገደልህ ይሉኛል።»

«በደብተሩ የተጻፈውን አንብበውልዎታል?»

«አዎ፣ ያ ሞላልኝ ጮኾ አነበበልኝ። ቅመም የምሸጥ ሰው፣ እርድ አልሸጥ ምን ልሸጥ?»

እሑድ ጠዋት ኑርሁሴን ብቻውን ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ የመርማሪው ቁጣም እንደዚያው። ከሪማ አንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ገና ሰላም ሳትለው ፊቱን አየችው።

«እርስዎ እሳት ነዎት። ጨጓራዎ ከምንጊዜ ጀምሮ ነው?»

«ሰው ሞቶ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ‹አንድ ቀን ያንተው መድኃኒት ይገድልሃል› ያልሁትም እኔ ነኝ፤ አሥር ሰው ፊት። ነግረውዎታል መሰለኝ።»

«ለምን አልሽው?»

«አንዱን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛዬን መርፌውን አስተወብኝ። ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ መታሸቱ ጥሩ ነው፤ እኔም የምሄደው ንዴቴን ስለሚያበርድልኝ ነበር። ሳንባ ግን በእርድ አይድንም። ለዚያ ተጣላን። ደብተሩ ውስጥ ስድቤንም ሳይጽፈው አልቀረም።»

ኑርሁሴን ጠርሙሱን ከፍቶ አቀረበላት። አንድ ጊዜ አሸትታ መለሰችለት።

«የአይጥ መርዝ። ባለፈው ወር ለየቀበሌው የእህል መጋዘን ታድሏል። አያያዙን ለሊቀመንበሮቹ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ከረጠበ ቆይቶ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ መልኩም አመድማ ስለሆነ ወተት ላይ ያስታውቃል። እርድ ነው የሸፈነው።»

«መርዙም እርዱም አለሽ። ጠብም ነበራችሁ።»

«ሁሉም አለኝ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ግን ከዚህ ሁለት ቤት አልፎ መንታ ሳዋልድ ነበር። እናትየዋ ተኝታለች፤ ቀስ ብለው ይጠይቋት።»

ጠየቃት። እውነት ነበር። ሲመለስ ከሪማን በር ላይ አገኛት።

«ውሃ የተባለውን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«አላውቅም። የውሃ ሰው ግን ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ስኳር ይከለከላል፤ ማር ይታዘዝለታል። ማሩን ደግሞ የፈላ ነገር ውስጥ መጨመር እርም ነው። ‹ማር ከተቃጠለ መርዝ ይሆናል› ይላል የህንዱ ትምህርት። አበሻ ሻዩን በማር የሚጠጣው ገና ሲያቃጥል አይደል? ደጉ ጋ የዋለ ሰው ግን ሳይበርድ አይነካውም።»

በዚያው ቀን ወደ ማታ ኑርሁሴን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባ። ሞላልኝ ወንበር ላይ ሆኖ ዓይኑን እያሸ ነበር። ሻይ አዘዘ። ከመሳቢያው የማር ብልቃጥ አወጣ፤ ማሩን ግን አልጨመረም። ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋው።

«ፈርመህ መጣህ?»

«ነገ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ባሉበት እፈርማለሁ። የአውራጃው ተወካይም ቢገኙ፣ ገዳዩን ማን እንደያዘ በዓይናቸው ያዩ ነበር።»

ሞላልኝ ፊቱ በራ። «እሱስ ደግ ሐሳብ ነው።» ብርጭቆውን በጣቱ ነካ፤ ገና ነው። ስለ አድኃሪያን ሴራ ሌላ አሥር ደቂቃ ተናገረ። እንደገና ነካ። ከብርጭቆው እንፋሎቱ ጠፍቷል። ያኔ ማንኪያ ሙሉ ማር ጨምሮ አማሰለና ጠጣ። ኑርሁሴን ተሰናብቶ ወጣ።

ሰኞ በሁለት ሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ተከፈተ። የአውራጃው ተወካይ፣ ቀጭንና ቁጡ ሰው፣ ከሞላልኝ ጎን ተቀመጠ። ወይዘሮ አልጣሽ ከኋላ ጥቁር ለብሰው፣ ከሪማ ክንዷን አጣጥፋ፣ ጀላል እንደታሰሩ ተገኝተዋል።

«አሳጥረው» አለ ተወካዩ። «መኪናው ውጭ እየጠበቀ ነው።»

«አንድ መስመር ላስነብብና አበቃሁ። ብሩ፣ አንብብና ምን ማለት እንደሆነ ተናገር።»

ሃምሳ አለቃ ብሩ ደብተሩን ያዘ። «‹ጀላል ለእርድ ቅዳሜ ቀጥሮኛል።› ሊያርደው ዝቶበታል ማለት ነው።»

«ወይዘሮ አልጣሽ?»

«የወተቱን እርድ ቅዳሜ ያመጣለታል ማለት ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ከሪማ?»

«ሌላ ትርጉም አለው እንዴ?»

ኑርሁሴን ወደ ተወካዩ ዞረ። «እኔም መጀመሪያ እንደ ብሩ ነው ያነበብሁት። ቃሉ አንድ ነው። የቤቱን ልማድ የማያውቅ ሰው ቢላዋ ያይበታል፤ እዚያ ቤት ወተት የጠጣ ሰው ቅመም ያይበታል። አሁን ቃሉን እንደ ቅመም እንየው። ማክሰኞ እርድ አልቋል፤ ረቡዕ ቆርቆሮው ጨው ተሞልቷል። ጀላል ለቅዳሜ ነው የቀጠሩት። ሲመጡ ጥቅሉ ይኸው፣ ሲባጎው አልተፈታም። ሟቹ ግን ከዚያ በፊት ቢጫ ወተት ጠጥተዋል። እንግዲህ ያ እርድ የጀላል እጅ ያመጣው አይደለም። ለጀላል ማሰሪያ የሆነው ጽሑፍ መፍቻቸውም እሱ ነው።»

«ከራሷ ከሚስቱ ይሆናላ» አለ ሞላልኝ።

«ኩባያው ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ እዚያ ቤት ነጭ ሽንኩርት አይገባም። የሸተተው ለመጋዘን የታደለ የአይጥ መርዝ ነው። ወይዘሮ አልጣሽ የመጋዘን ቁልፍ የላቸውም። ከሪማ መርዝ አላት፤ ግን በዚያች ሰዓት ኮምቦልቻ ታዋልድ ነበር። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ ‹ውሃ› የተባለው። በጓሮ በር የሚገባ፣ እንዳይታይ የሚፈራ፣ ከድሮው እርድ ቤቱ የተረፈው። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ‹የጀላል እስኪመጣ› ብሎ ያንን ከመርዙ ጋር ቀላቅሎ አቀበላቸው። አቶ ደጉም አመስግነው አፈሉት።»

«ውሃ፣ ነፋስ! ይህ የመንግሥት አዳራሽ ነው።»

«ትናንት ማታ ሻይዎን ለምን አቀዘቀዙት፣ ጓድ ሞላልኝ?»

ከሪማ ክንዷን ፈታች።

«ማሩን በእጅዎ ይዘው ሻዩ እስኪበርድ ጠበቁ። ይህን የሚያደርግ ሰው በደሴ ከአቶ ደጉ ደቀ መዝሙር በቀር የለም። እንግዲህ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም ማለትዎ ውሸት ነው። ገብተው ከነበረ ደግሞ በደብተሩ ያለው እርድ የትኛው እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። ብሩ ቢሳሳት ባለማወቅ ነው። እርስዎ ግን እያወቁ ነው ቅመሙን ወደ ቢላዋ የለወጡት፤ ሽማግሌውን ለማስገደል።»

ሞላልኝ ከወንበሩ ተነሣ። ተወካዩ ፊቱን ሳያዞር «ተቀመጥ» አለው።

«ካኪዎ አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ የለበሱት ነው። የደረት ኪስዎን ይፍቱት።»

አልፈታውም፤ ብሩ ፈታው። እስክሪብቶዎቹ ወጡ፤ ቀዩ መጽሐፍ ወጣ። የመጽሐፉ ታችኛው ጠርዝ ቢጫ ሆኗል። ኪሱ ሲገለበጥ የጨርቁ ስፌት ሁሉ ቢጫ ነው። ከሪማ ጠጋ ብላ አሸተተችና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት፣ አልቦት ነው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ ከኋላ። «እርድ ከጨርቅ አይለቅም። ሴት ብትሆን ታውቀው ነበር።»

«ለምን ይገድለዋል?» አለ ተወካዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት የጠየቀው ነው።

ኑርሁሴን የተረፉትን ሁለት መስመሮች አነበበ። «‹ይህን ለአባትየው ይንገር፤ ያኔ እንቅልፉ ይመለሳል። እስከ ቅዳሜ ካልነገረ እኔው እነግራቸዋለሁ።› ቅዳሜ እቤቱ የሚመጣ አባት አንድ ነው፤ ልጁ የጠፋበት። ጓድ ሞላልኝ፣ ለጋሽ ጀላል ሊነግሩት ያልቻሉት ምንድን ነው?»

ሞላልኝ ሲናገር ድምፁ ውስጥ ጸጸት የለም፤ ቂም ነው ያለው። «እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ሄድሁ። ‹ሆድ ውስጥ የታፈነ ነገር እንዳልተፈጨ ምግብ ነው፤ ቆይቶ ይመርዛል፤ አውጣው› አለኝ። አወጣሁት። እሱ ጻፈው። ሰው የነገረህን ይጻፋል? ከሚረሸኑት ዝርዝር ላይ የእህቴን ልጅ ስም ሰረዝሁ። አንድ ጎደለ። ቁጥሩ መሙላት ነበረበት። በሺርን ጻፍሁ።»

ጀላል እንደታሰሩ ተነሥተው ቆሙ።

ተወካዩ ወረቀቱን ሰበሰበ። «የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኖ የህንድ አምልኮ! ይህ አሳፋሪ ነው» አለ ለጠባቂዎቹ። «ውሰዱት። ሌላው ነገር ከዚህ አዳራሽ አይወጣም።» ከዚያ ጀላልን በአገጩ አመለከተ። «ይህ ይፈታ።»

ኑርሁሴን ገመዱን ራሱ ጎንበስ ብሎ ፈታ። «ጋሽ ጀላል፣ ነፃ ነዎት። ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

ጀላል አልሄዱም። እየተወሰደ ያለው ሞላልኝ ፊት ሄደው ቆሙ፤ ጠባቂዎቹም ሳያስቡት ቆሙ።

«ልጄን የት ነው ያስተኛችሁት?»

ሞላልኝ ሊያልፋቸው ሞከረ።

«አልሰደብሁህ፣ አልረገምሁህ። አንድ ነገር ነው የጠየቅሁህ። የት ነው?»

«ሆጤ» አለ ሞላልኝ በመጨረሻ። «ከሜዳው በላይ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። ሦስት ናቸው። እሱ ከዳር ነው፣ በከተማው በኩል።»

ተወካዩ «ይበቃል» ብሎ ጮኸ፤ ሞላልኝን ጎትተው አወጡት። ጀላል ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ መርማሪው ዞሩ።

«መቶ አለቃ፣ ጣቢያው አካፋ አያጣም።»

ኑርሁሴን ተወካዩን አየ፤ ተወካዩም እሱን። ከዚያ መርማሪው ፊቱን ወደ ብሩ መለሰ።

«ሁለት አምጣ» አለው።